ምዕራፍ ሰባት አይመጣም

የነርስ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሁለቱ እህትማማቾች ጤነኛ መስላ የቀረችው የተፈታኟ ልጅ እናት ብቻ ነበረች። አክስቷ ግን ልጅቷ ያጠናችውን በሽታ ሁሉ ትታመማለች፤ ሰኞ ሳንባ ሲነበብ ስትስል ዋለች፣ ረቡዕ ጉበት ሲነበብ ጎኗን ይዛ ተኛች። ቤተሰቡም «ወይዘሮ ምዕራፍ» የሚል ስም አውጥቶላታል።

እናቷ መጽሐፉን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ዘርግታ ልጅቷን ትጠይቃለች። ከምዕራፍ ስድስት ወደ ስምንት ስትሻገር ልጅቷ ያዘቻት።

«እማዬ፣ ሰባትን ዛሬም ዘለልሽው።»

«ስኳር በሽታ አይመጣም። ለማይመጣው ምን አደከመሽ?»

«ፈተናውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ተያት» አለች አክስቷ ከሶፋው ላይ፤ «እኔም ገና ከጉበቴ አላገገምኩም።»

ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ከጠዋት ወዲህ ስድስተኛውን ብርጭቆ ውኃ ስታነሳ ግን ሳቋን አቆመች። ሰሞኑን ለእናቷ መርፌው ላይ ክር የምታስገባው እሷ ራሷ መሆኗም ትዝ አላት። መጽሐፉን ቀስ ብላ ወስዳ ዘጋችው።

«እስቲ እኔ ልጠይቅሽ። የስኳር በሽታ ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ውኃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ የዓይን ብዥታ፣ አልድን ያለ ቁስል። እናቷ የቆጠረችው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሳይሆን እሷን በጀመሯት ቅደም ተከተል ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተመዘገብሽ ወዲህ። ያልነገርኩሽ ፈተናሽ ይለፍ ብዬ ነው።»

አክስቷ ጉበቷን ረስታ ከሶፋው ተነሣችና የእህቷን ጫማ ትፈልግ ጀመር።