የሀቢቡ የቤት ሥራ

ቡታጅራ ላይ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሀቢቡን ያውቀዋል። ቆርቆሮና ሚስማሩን ከእሱ ሱቅ ገዝቷል፤ አንድ ሁለት ስድብም በምርቃት ተቀብሏል። ሰው ግን ብዙም አይቀየመውም። «ዕቃው ደህና ነው፤ አፉ ነው እንጂ» ይላል፤ ቤት ሲያስፋፋ ደግሞ ተመልሶ እሱው ጋ ይመጣል።

ይህን ሰው ወገቡ ከያዘው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ጥቅምት የቆርቆሮ ጥቅል የሚያወርዱትን ሰዎች «ተጎተታችሁ!» ብሎ እየተሳደበ ራሱ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ እንደጎነበሰም ቀረ። እንደዚያው እንደጎበጠ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ራጁን አየና ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ እንዳይናደድ፣ በሳምንትም ሁለት ቀን ዮጋ እንዲሠራ አዘዘው።

«ዮጋው ፋርማሲ ይገኛል?» አለ ሀቢቡ።

ዮጋው የሚገኘው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። የምታስተምረው ሰገነት ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የስፖርት መምህርት ናት። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሀቢቡ በሩን ከፍቶ ቢገባ አሥራ አንድ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተንጋለው አገኘ። «አፉ በሉኝ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ሊመለስ ሲል ሰገነት ጠራችው።

«ጋሽ ሀቢቡ አይደሉም? ዶክተሩ ደውሎልኛል። ይግቡ፣ ጥግ ላይ ቦታ ይዤልዎታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ መውጫ አልነበረውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እጁን ዘረጋ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ተንፍስ ሲባል ተነፈሰ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰገነት ሁሉንም አስቀመጠችና «የቤት ሥራ አለ» አለች። «በቀን ውስጥ ከምትሠሯቸው ትንንሽ ነገሮች አንዱን ምረጡና በፍቅር ሥሩት። ብርጭቆ ስታቀብሉ ይሁን፣ በር ስትዘጉ ይሁን፣ ሰው ስትጠሩ። እጃችሁ የሚሠራውን ልባችሁም ይወቀው።»

ሴቶቹ ይህን እንደ ምክር ሰሙት። ሀቢቡ ግን ነገሩ ከሐኪም የመጣ ስለሆነ እንደ መድኃኒት ያዘው።

«በቀን ስንቴ?» ሲል ጠየቀ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰገነትም ሳቋን እየዋጠች «ሦስቴ ይበቃል» አለችው። ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ብሎ በልቡ መዘገበ።

የመጀመሪያው ለአናጢው ዑመይር ደረሰው። ዑመይር ሁለት ኪሎ ሚስማር ፈልጎ መጥቶ፣ የተለመደውን ስድብ ለመቀበል አንገቱን ሰብሮ ቆሞ ነበር። ሀቢቡ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለ፤ ሚስማሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ የተጣመሙትን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣ። ከዚያ በሁለት እጁ አቀበለውና ዓይን ዓይኑን እያየ «በርታ ልጄ። ጣትህን እንዳትመታ» አለው።

ዑመይር ሚስማሩን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ። «አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ሰው ልጥራልዎት?»

ምሳ ሰዓት ላይ ሀቢቡ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሰፍያ ቆጮውን፣ ጎመኑንና አይቡን አቀረበች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኖሩ ሲጠራት «ሰማሽ ወይ!» ነበር የሚላት። ያን ቀን አይቡን ወደ እሷ በኩል አስጠጋና «ሰፍያ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት።

ሰፍያ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ምን አጠፋህ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁህ።»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ፤ ግን አፈረ። «ሀቢቡ ከሴቶች ጋር ወለል ላይ ይንከባለላል» የሚል ወሬ ቡታጅራን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት በእግርህ ሂድ ብሎኛል አለና አለፈ። ነገሩን ያበላሸው የዮጋው ምንጣፍ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብቱ ይዞ ሲወጣ ሰፈሩ ያየዋል። አንዱ «መስገጃ ነው፤ ሰውዬው ታሞ ዒባዳ አብዝቷል» አለ። ሌላው «ፍራሽ ነው፤ ሌላ ቤት እየከፈተ ነው» አለ።

ሀቢቡ ይህን ሁሉ አልሰማም። የገባው ነገር ቢኖር ሰዎች ሲያዩት ዝም ማለታቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከጎኑ ቀለም የሚሸጠው ኪዱ ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ሀቢቡ፣ መቼም ሰው ነን» አለ መሬት መሬት እያየ። «የበረንዳችንን ወሰን ካቻምና አንድ ክንድ ወደ አንተ ገፍቻለሁ። በሕይወት ሳለን ይቅር በለኝ።»

ሀቢቡ ወሰኑ መገፋቱን ያወቀው ያኔ ነው። ስድቡ ጉሮሮው ድረስ መጣ። እዚያ ያዘውና ሰገነት እንዳሳየችው በአፍንጫው ቀስ እያለ አስወጣው። ከዚያ የቀኑን መድኃኒት ገና አለመውሰዱ ትዝ አለው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። ኪዱ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ሄደ። ምን ነካው ይሄ ደግሞ፣ አለ ሀቢቡ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቱ ሲገባ ደጃፉ ላይ የእንግዳ ጫማ አየ። ሳሎን ውስጥ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ሸረፋና ከእንሴኖ ድረስ የመጣው የሰፍያ ወንድም ሙባሪክ ተቀምጠዋል። ሰፍያ ክንዷን አጣምራ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀቢቡ፣ በሽታ ከሆነ እናሳክምሃለን። ሴት ከሆነም ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ዝምታ ግን ቤት ያፈርሳል።»

«የምን ሴት?»

«እኔ ልናገር» አለች ሰፍያ። «አይብ ያስጠጋልኛል። በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ትናንት ደግሞ ጫማዬን ወልውሎ፣ ስወጣ እንዲመቸኝ አፍንጫውን ወደ ደጅ አዙሮ አስቀመጠልኝ። ሐጂ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?»

«ጫማውን እንኳ…» አሉ ሐጂ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሀቢቡ ማምለጫ እንደሌለው ገባው። «እሺ፣ ዮጋ ናት» አለ።

«አገሯ የት ነው?» አለ ሙባሪክ፣ ከወንበሩ ብድግ እያለ።

ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደ። አሥራ አንዱ ሴቶች ላይ ሲደርስ ሰፍያ «አሥራ አንድ!» ብላ ጮኸች፤ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት። በመጨረሻ ሐጂ «እስቲ አሳየን» አሉት። ሀቢቡ ኮቱን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፤ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ጀርባውን ሳበ።

«ለማን ነው የምታጎነብሰው?» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸው ጠቆር ብሎ።

«ለማንም አይደለም ሐጂ። ለወገቤ ነው።»

ስለ ቤት ሥራውም ነገራቸው። ሐጂ ሸረፋ ጥቂት አሰቡ። «ይሄማ ኒያ ነው፣ የልብ ሐሳብ» አሉ። «ሥራ በኒያ ነው ተብለን የለ? እኛ ሰምተን አስቀመጥነው፤ ይቺ ልጅ የቤት ሥራ አደረገችው።» ፊታቸው ፈታ አለ።

ይሄኔ ሙባሪክ «እኔንም የበርበሬ ጆንያ ወገቤን ጨርሶታል» ብሎ ማንም ሳይጋብዘው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። መውረዱን ወረደ፤ መነሳቱ ግን እንቢ አለው።

«በእጅህ ተደገፍና ቀስ ብለህ ወደ ጎን ተነስ» አለው ሀቢቡ፣ ለስለስ ብሎ።

«ተወኝ እኔ አውቃለሁ!» አለ ሙባሪክ፤ በአንዴ ሊቆም ሲውተረተር ተንገዳግዶ ከነሙሉ ክብደቱ የሻይ ትሪው ላይ አረፈ። ስድስት ብርጭቆ ደቀቀ።

«አንተ ደነዝ!» ብሎ ሀቢቡ ሲጮህ መስኮቱ ተርገበገበ። «ቀስ በል አላልኩህም? የበርበሬ ጆንያ እኮ ካንተ ይሻላል፣ ሲጥሉት ባለበት ይቀመጣል!»

ሰፍያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«አልሃምዱሊላህ! ራሱ ነው!» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሐጂም ሳቁ፤ ሙባሪክ እንኳ ሻይ እየተንጠባጠበበት ሳቀ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሀቢቡና ሰፍያ ስብርባሪውን አብረው ለቀሙ። ሰፍያ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«እጅሽ ይባረክ ያልከኝ የቤት ሥራ ስለሆነ ነው?»

ሀቢቡ መዋሸት ይችል ነበር። «የመጀመሪያው ቀን አዎ» አለ። «ሁለተኛውም ቀን። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ረሳሁት።»

ሰፍያ ከእጁ ስብርባሪውን ተቀበለችና «አንተ ተው፣ ትቆረጣለህ» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ጥቁር ሽርጧን አገልድማ ደጃፍ ላይ ስትጠብቀው አገኛት። «አሥራ አንዱን ልያቸው» አለች። አዳራሹ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ሁለቱ የልጇን ክትባት የከተቡ ነርሶች ናቸው፤ አንዷ የዕቁብ ጓደኛዋ ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንበሩን ትታ ምንጣፍ ላይ ነበረች፤ ከሁሉም የምትስቀው እሷ ነበረች።

ሲመለሱ ባጃጅ ያዙ። መንገዱ የተቦረቦረ ነው። ባጃጁ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ሰፍያ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብላ «ወንድሜ፣ ጉድጓዱ ላይ ቀስ በልልኝ፤ ወገቡን ያመዋል» አለችው።

ይህን ቃል ለባጃጅ ሾፌሮች ስትናገር ሦስት ዓመቷ ነው። ሀቢቡ የሰማት ግን ገና ዛሬ ነው።