ኮታው ያለቀ ዕለት

ወሬው ከዳርሲ ቀድሞ ወደቡ ደርሶ ነበር። መኪናዋን አቁማ፣ የመለኪያ ሰሌዳዋን በብብቷ ሸጉጣ ስትወርድ፣ ዓሣ የሚበለትበትን ጠረጴዛ ከበው የቆሙት ሰዎች ጨዋታቸውን ቁርጥ አደረጉት። በሌላ ቀን ቢሆን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት፣ “መጣች የባሕር ልብስ ሰፊ፣ ልትለካን!” ብለው የሚቀልዱባት ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ጀርባቸውን ሰጧት።

ሀሊበት የሚሉት ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ የሚጠመድበት ወቅት እኩለ ሌሊት ላይ ሊዘጋ ነው። እስከ ኅዳር ይዘልቃል ተብሎ የተከፈተው ወቅት ነሐሴ ሳይጋመስ “ኮታው ሞልቷል” ተባለ፤ በቃ። ዳርሲ ደግሞ ክሬሰንት ሲቲ ወደብ ላይ ቆማ፣ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ይዘው የሚመለሱትን ዓሣ እየለካች ቁጥሩን ለመንግሥት የምትልከው እሷ ናት። አትቀጣም፣ አታስርም። ግን ቆጣሪ የተወደደበት አገር የት አለ?

ሰዎቹም ቢሆኑ እውነት ነበራቸው። ከግንቦት እስከ ሰኔ መጨረሻ ነፋሱ ትንንሾቹን ጀልባዎች ከወደብ ንቅንቅ አላደረጋቸውም። ማዕበል የሚችሉት ትልልቆቹ ከሌላ ወደብ እየመጡ ዓሣውን ሲያግዙት፣ የአገሬው ሰው የቡና ኩባያውን ይዞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከረመ። ባሕሩ ገና ተኛ ሲባል በሩ ተዘጋበት።

አባቷ ሆይትም እዚያው ነበር፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የተወሳሰበ ክር ይፈታል። ዕድሜውን ከከተማው በላይ ባለው ወህኒ ቤት በጠባቂነት የጨረሰ፣ ትከሻው እንደ በር መቃን የሰፋ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለስልሷል ይሉታል። ዳርሲ ግን አባቷ ከኋላዋ ሲሆን ዛሬም ጀርባዋን ይቀዘቅዛታል። ወንድሟ ኬል ገና ጎረምሳ ሳለ በወጥ ቤቱ በር ላይ አፍንጫውን ተሰብሮ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ የሰበረውም ከአባቱ ሌላ ሰው አልነበረም።

ቀትር ላይ የሮይስ ጀልባ ገባች። ሮይስ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠራ፣ ከሆይት ጋር ስንት ጊዜ አብሮ ያጠመደ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ብቻውን ነበር። ከጀልባው ሁለት ሀሊበት ጎትቶ ከጀልባ በሚወረድበት የእንጨት መድረክ ላይ ጣለ፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ግን ጠፍጣፋ ገላው የጓዳ በር የሚያህል። ሕጉ ለአንድ ሰው አንድ ነው።

“ሁለት ነው፣ ሮይስ” አለች ዳርሲ።

“አንዱ የወንድሜ ነው።”

“ወንድምህ የታለ?”

“ሽንት ቤት።”

ሰዎቹ ሳቁ። ከጀልባዋ ሌላ ሰው ሲወርድ ያየ አልነበረም።

“እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም” አለች። “ያየሁትን ነው የምጽፈው። አንድ ሰው፣ ሁለት ዓሣ።”

“ጻፊ! ጻፊ እንጂ! ጽፈሽ ጽፈሽ አይደል ባሕሩን የቆለፍሽብን?” ወደ ሰዎቹ ዞረ። “ይቺ ልጅ እኮ ሰኔን ሙሉ እዚህ ስቀመጥ ስታየኝ ነበር። አይተሻል፣ አላየሽም?”

“አይቻለሁ። እኔም ይቆጨኛል። ግን አልዋሽልህም።”

“ይቆጫታል! ሰማችሁ? ከንፈሯን መጠጠችልን!”

ከኋላ አንዱ፣ “ጥርሳችንንም ቁጠሪ!” ብሎ ጮኸ።

ትልቁ ዓሣ ገና አልሞተም ነበር። ድንገት ተወራጭቶ መድረኩን ሲደበድበው ጣውላው ተንቀጠቀጠ፤ ሮይስም የዓሣ መግደያ ቆመጡን አንሥቶ ጭንቅላቱ ላይ ደጋግሞ አወረደበት። ደሙ የዳርሲ ጉንጭ ላይ ተረጨ። ዓሣው ጸጥ ሲል ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ተንበረከከች፤ ሰሌዳውን ዘረጋችና ግራ እጇን ዓሣው አፍ አጠገብ አሳረፈች።

“አትንኪው አልኩሽ።”

“ለክቼ ልሂድ፣ ሮይስ።”

ቆመጡ እጇ ላይ አረፈ። በኋላ፣ ሮይስ ዓሣውን ስቶ ነው የመታት ያሉ ነበሩ፤ እሱም እንደዚያ ብሎ ማለ። ዳርሲ ግን ታውቃለች። ዓሣው ሞቷል፤ ሮይስም ያየ የነበረው ዓሣውን ሳይሆን እሷን ነበር። ጣቶቿ ሲሰበሩ ደረቅ ጭራሮ የተረገጠ ያህል ተሰማ። መጀመሪያ አልጮኸችም፤ እጇን አየችውና የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ ጮኸች።

ባልዲው ሲንከባለል ሰማች። አባቷ ሲሮጥ አላየችም፤ ብቻ ደርሶ ቆሞ ነበር። የሮይስን ክንድ ጠምዝዞ ቆመጡን ነጠቀና ጉልበቱን መታው። ሮይስ ወደቀ። ሆይት አልተሳደበም፣ ፊቱም አልተለወጠም። ትንፋሹን እየመጠነ፣ ሥራው እንደሆነ ሰው ነበር የሚመታው፤ ክርን፣ ጎን፣ ከዚያ ፊት።

“ተኛ!” አለው። “መሬት ተኛ! እጅህን አሳይ!”

“ሆይት... ሆይት፣ እኔ ነኝ! ሮይስ ነኝ!”

“እጅህን አሳይ!”

ሮይስ በደረቱ ተኝቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። መዳፉ ተከፍቶ ይታያል። ሆይት ግን መምታቱን አላቆመም። ቀድሞ ሲስቁ የነበሩት ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ከጠረጴዛው ጋር ተጣበቁ። አንዱ ሊገባ ብሎ ቆመጡ ወደ እሱ ሲዞር ተመለሰ። የሮይስ ግራ ዓይን በደምና በእብጠት ውስጥ ጠፋ።

“አባዬ፣ በቃ!” ዳርሲ ጮኸች። “አባዬ፣ በቃው! ልትገድለው ነው!”

አልሰማትም። ወይም ሰምቷት የወህኒ ቤቱ ሌላ ጩኸት መስሎታል። ደህናውን እጇን ወደ ጀልባዋ ሰደደችና ዓሣ የሚጎተትበትን ባለ መንጠቆ ዘንግ ሳበች። መንጠቆውን ወደ ራሷ አዙራ፣ በእንጨቱ ጫፍ ከጉልበቱ ኋላ ባላት ኃይል ሁሉ መታችው።

ሆይት እንደ ተቆረጠ ዛፍ ተገነደሰ። ቆመጡ ከእጁ አምልጦ ባሕር ገባ። አበቃ። ሮይስ ያቃስታል፤ ከመድረኩ በታች የባሕር አንበሳ የሚባሉት እንስሳት ይጮኻሉ። ሆይት በክርኑ ተደግፎ አንገቱን ቀና አደረገና ማን እንደመታው አየ። ያን ጊዜ ዳርሲ ያን ፊት አወቀችው። ኬል ደሙን በሁለት መዳፉ ይዞ ሲወጣ በወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመው ፊት ነው፤ ቁጣው ሄዶ፣ ምን እንደሆነ ያልገባው የሚመስል ፊት።

ዘንጉን እንደገና አነሣችና መታችው። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ቀጭ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዘንጉን ከኋላ ያዘባት።

“ይብቃሽ፣ ልጄ” አላት። “ወድቋል እኮ።”

አምቡላንሱ ሁለቱን ወንዶች ጫነ፤ የሸሪፉ ፖሊሶች እሷን ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ዓሦቹን ማን እንዳነሣቸው የጠየቀ የለም።

ሮይስ ከሞት ተረፈ፤ የግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም። የዳርሲን እጅ ስለሰበረ በገንዘብ ቅጣትና በይቅርታ ተለቀቀ፤ የዓይኑ መጥፋት ከወህኒ የባሰ ቅጣት ነው ተባለ። ሆይት ግን ብርዱ ሲገባ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃው ዳርሲን ለምስክርነት ሲጠራት፣ ዳኛዋ ለአባቷ እንድታዝን የሚያደርግ ነገር ከአፏ ሊያወጣ ነበር ሐሳቡ።

“ስንት ጊዜ መታሽው?”

“ሁለት ጊዜ።”

“ለማስቆም ነው፣ አይደለም?”

“የመጀመሪያዋን።”

“ሁለተኛዋስ?”

አባቷ ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ከተመታ ወዲህ የሚደገፍበትን ክራንች ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ማንም አይጎዳም።

“በሁለተኛዋ ጊዜ ወድቆ ነበር” አለች። “እሷ ለማስቆም አልነበረችም።”

ጠበቃው ጥያቄውን ቶሎ ወደ ሌላ መለሰ። ዳኛዋም አልጠየቀቻትም፤ የተከሰሰችው እሷ አልነበረችም።

ፍርዱ ተነቦ ወደ ወህኒ ሊወስዱት ሲሉ፣ አጃቢው ዘብ የድሮ ባልደረባውን አክብሮ እሱንና ዳርሲን በኮሪደሩ ጥግ ትንሽ ተዋቸው። ሆይት አርጅቷል፤ ያ ትከሻ በአንድ ወገን ወርዷል።

“ያቺ ሁለተኛዋ...” አለ።

“እ?”

“ስታርፍብኝ ነው ያወቅኋት። ከየት እንደመጣች።”

“ይቅርታ አልልህም፣ አባዬ።”

“መች ጠየቅሁሽ?” ክራንቹን አስተካከለ። “ኬል ይደውልልሻል?”

“አዎ።”

“ስልኩን ስጪኝ አላልኩም።” ዘቡን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በሕይወት አለ ወይ ብዬ ነው።”

“አለ። ሴት ልጅ ወልዷል።”

ሆይት ራሱን ነቀነቀ። እጁን ለዘቡ ዘረጋለትና ካቴናው ገባ።

ዳርሲ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ኬል ጋ ደወለች። ዝናቡ መስታወቱን ይመታዋል። ስለ ፍርዱና ስለ ሁለተኛዋ ምት የመሰከረችውን ነገረችው። አባታቸው፣ በሕይወት አለ ወይ ብሎ እንደጠየቀም ነገረችው።

“ምን አልሽው?”

“አለ አልኩት።”

ኬል፣ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ፣ “ሁለተኛዋን... በደንብ አሳረፍሽበት?” አላት።

“አጥንቱ ተሰማኝ” አለች።

ሁለቱም ሳቁ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ሲስቁም ያውቁት ነበር፤ ግን ማቆም አልቻሉም።