ጭሱ የሄደበት

እስከዳር ጧፏን እፍ ብላ አጠፋችና ጭሱን ወደ ላቦራቶሪው የናሙና መሥሪያ ካቢኔት አፍ አስጠጋች። ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። እሱ ግን ተጠማዞ ቀጥታ ወደ አፍንጫዋ መጣ። እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል ብላ ደገመችው። በሦስተኛው አስነጠሳት።

ካቢኔቱ ከተመረቀ ስድስት ሳምንቱ ነው፤ ቀይ ሪባኑ እንኳ ከጎኑ አልወረደም። ሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠሩ ሰዎችን አክታ እዚያ ውስጥ ስትበጠብጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቷን እየዳበሳት፣ ሸጋ ነገር ሰጡን ስትል ከርማለች። ደስታዋን ያበላሸችው ትናንት ከሥልጠና የተመለሰችው ጓደኛዋ ምሥራቅ ናት። ካቢኔት ሁሉ አንድ አይደለም አለቻት በስልክ፦ አንዱ አየሩን ከሠራተኛው በኩል ስቦ፣ አጣርቶ ያስወጣል፤ ሌላው ንጹሕ አየር በናሙናው ላይ አሳልፎ ሠራተኛው ፊት ላይ ይነፋል። ያ ለችግኝ ማባዣ እንጂ ለአክታ አይሆንም። የትኛው እንደሆነ በጭስ እዪው አለቻት።

እስከዳር እቤት የሰባት ወር ልጅ አላት። አፍንጫውን አንገቷ ሥር ሸጉጦ ነው የሚተኛው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ እንዳልካቸው ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ካቢኔቱን የሰጡት እንግዶች ስምንት ሰዓት ላይ ሲሠራ ሊያዩት ይመጣሉ።

"ጧፍ ደግሞ ምንድን ነው? ቅዳሴ ጀመርሽ?"

"ካቢኔቱ ወደ እኔ ነው የሚነፋው።"

"ነፋ አይደል? ያልነፋ ጊዜ ንገሪኝ።"

"ናሙናውን ከእኔ ነው የሚጠብቀው፣ አቶ እንዳልካቸው። እኔን ከናሙናው አይደለም።"

ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንግዶቹ አዘዞን አልፈው ሊደርሱ እንደሆነ፣ ፎቶ አንሺም እንደያዙ፣ ለዛሬ ብቻ ሁለት ማስክ ብትደርብ ምንም እንደማትሆን አስረዷት።

"ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን ሆንሽ?"

"እሱን አላውቅም። እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡበትና ፎቶ ያንሱዎት።"

አቶ እንዳልካቸው ወንበሩን አዩት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና አስቸኳይ ስልክ ትዝ ብሏቸው ወጡ።

እስከዳር ሶኬቱን ነቀለች። የሚስታቸውን ውጤት ሊሰሙ ከወለቃ የመጡት አያ አድማሴ ከበሩ ብቅ ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ ዛሬም የለም?" አሉ። ናሙናው ትክክለኛው ካቢኔት ወዳለበት ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ሁለት ቀን እንደሚቆይ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቅር ብሏቸው ተመለሱ፤ እሷም ከዓይናቸው ሸሸች።

አሥራ አንዱን የአክታ ዕቃ አጥብቃ ከድና በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ደረደረች፤ የታካሚዎቹንም ስም በመላኪያው ቅጽ ላይ አንድ በአንድ ጻፈች። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። የራሷን ስም ጻፈችበት፤ ባዶ ዕቃ አነሳችና አክታዋን ልትሰጥ ነፋስ ወዳለበት ደጅ ወጣች።