ከድንኳኑ ጎን

ኢያሱ የመጨረሻውን ሽቦ ከቆርቆሮው ጫፍ ወጥሮ ሊያስር ሲል ፈቲያ በሩ ላይ ቆማ፣ "ኢያሱዬ፣ ጉድ ሆነናል" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ጎሮ ያለውን ይህን የሰፈር የጥበብ ቤት ስታስተዳድር የኖረች፣ በቀላሉ የማትደነግጥ ሴት ናት።

"ምን ተፈጠረ?"

"የጎረቤታችን የእትዬ ገንዘቤ ባለቤት አረፉ። እድሩ አጥራችን ሥር ድንኳን እየተከለ ነው።"

ሽቦው ከእጁ አመለጠ። ቆርቆሮው ረጅም ጉርምርምታ አሰማ።

እዚህ ቤት ከተጫወተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ቆርቆሮ በማሲንቆ ደጋን እየገዘገዘ፣ ከመገናኛ የቀዳውን የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እየቆራረጠ ሲያሰማ፣ ገሚሱ ታዳሚ ስቆበት ገሚሱ ሹልክ ብሎ ወጣ። በዚያው አፍሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንጀራው የሰርግ ኪቦርድ ነው፤ ሙሽራ ሲገባ ይመታል፣ ሙሽራ ሲወጣ ይመታል፣ ልቡ ግን የለበትም። ለዛሬ ማታው ትርኢት ሲዘጋጅ እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው።

"ለሌላ ቀን ብናዛውረውስ?"

"የት ቤት? ነገ ዕቃ እናወጣለን፤ ቤቱን ባለንብረቱ ይረከበናል። ከዛሬ ካለፈ አለፈ።"

ይህን ስትል የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርአጽዮን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

"አግዳሚ ወንበር እንድትተባበሩን ነው። ዛሬ ሙዚቃ አለ እንዴ?"

"ኧረ ሙዚቃ እንኳን አይደለም አባባ" አለች ፈቲያ ፈጠን ብላ። "ድምፅ ብቻ ነው፤ የሙከራ ነገር።"

ሽማግሌው ቆርቆሮውን፣ ሽቦውን፣ ኢያሱንም ተራ በተራ አዩ። ፊታቸው ፈካ አለ።

"አንተ ያ ልጅ ነህ? ያኔ ጀነሬተራችሁ የተበላሸ መስሎኝ ሮጬ የመጣሁት እኔ ነኝ እኮ!"

"እኔው ነኝ አባባ።"

"እንግዲያው ምን ቸገረን! ለቅሶ ቤት አጠገብ ሙዚቃ ነውር ነው፤ የአንተ ግን ሙዚቃ አይባልም። ለቀስተኛውም የሚታደስ ቤት አለ ከማለት ሌላ አይል። በርቱ።"

ፈቲያ እፎይ አለች። ኢያሱን ግን አንገበገበው። ሰውዬው ክፋት የለባቸውም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አሁን ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካለ ማታ ሰው ይመጣል፣ ይሰማዋል።

ከአጥሩ ወዲያ አዲስ የደረሱ ሴቶች ለቅሶ ተሰማ።

"አባባ" አለ፣ "ሙዚቃ ነው።"

"ኢያሱ!" አለች ፈቲያ።

"ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ አይከፈትም።"

የማጉያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ከመድረኩ ፊት ያለውን አግዳሚ በአንድ ጫፍ አነሳና ሽማግሌው ሌላውን እስኪይዙ ጠበቃቸው።