ብሎኗ የጠፋችበት ሰባተኛው ደቂቃ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ ይህች የምጽፍባት ቀኝ እጄ ትሰለል፤ ካነሰም ግራዋ ትጨመር። ማጋነን ድሮም አይሆንልኝም። እናቴ ራሷ «ይሄ ልጅ ዕድሜውን እንኳ ቀንሶ ነው የሚናገረው» ትል ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህን ያለችው አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው።

የምሠራው የጋዜጣና የመጽሔት አሳታሚዎች በኢንተርኔት ከሚለቁት ቪዲዮ ገቢ እንዲያገኙ በሚረዳ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሠራተኞች ነን፤ እኔን በሥራዬ ልክ ከቆጠራችሁኝ ግን ሃያ እንሞላለን።

ሥራችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ቪዲዮ ለማየት ስልኩን ነካ ሲያደርግ፣ ምስሉ እስኪነሳ ዓይኑን አንዴ ይጨፍናል። በዚያች ጭፍን ውስጥ እኛ ጨረታ እናካሂዳለን። ሳሙና ሻጩ፣ ጫማ ሻጩ፣ ባንኩ፣ አየር መንገዱ በየማሽኖቻቸው በኩል ይሰበሰባሉ፤ ዋጋ ይጠራሉ፤ ይበላለጣሉ፤ አንዱ ያሸንፍና ማስታወቂያው ይወጣል። ሰውዬው ዓይኑን ሲገልጥ ገበያው ተበትኗል። አቧራው እንኳ የለም። አሥራ አምስት ዓመት ሠርቼበት ዛሬም ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ የተረፈኝ ማለቴ ነው።

ታላቅ እህቴ ደግሞ የልብስ ስፌት መጽሔት አሳታሚ ናት። ከእያንዳንዱ እትም ጋር የቀሚስ ወይም የሸሚዝ ቅድ የታተመበት ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ይወጣል። አንድ ሰኞ ቢሮዋ ብሄድ፣ በማሽን ዘይት ሽታና በወረቀት ክምር መሃል ተንበርክካ ካርቶን በፕላስተር ታሽጋለች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«እየዘጋሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ለሰው የጻፍኩ መስሎኝ ለካስ ለግድግዳ ኖሯል። አንድ የሚጽፍልኝ የለም፣ አንድ የሚደውልልኝ የለም። አርብ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

«እስከ አርብ ግማሹን ዓለም አመጣልሻለሁ!»

«አንተ? አምና የጠረጴዛ እግር እጠግናለሁ ብለህ ጠረጴዛውን ነው ይዘህብኝ የጠፋኸው።»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ተወኝ ወንድሜ።»

እኔ ደግሞ ተወኝ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። ባሏ የስፌት መኪና መካኒክ ነው። በዓመት አሥር ቃል ቢናገር ዘጠኙ «ዘይቱን አቀብሉኝ» ከማለት አያልፍም። እሱን ዝጎ የተጣለ የስፌት መኪና ፊት አስቀመጥኩትና ስልኬን መጽሐፍ ቁልል ላይ አቁሜ መቅረጽ ጀመርኩ። ወሬ የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ እጆቹ ብቻ።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አንዲት ብሎን ከጣቶቹ አመለጠች። ቲን! ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከምስሉ ወጣ። የቀረው ባዶ ጠረጴዛ ነው። ከታች ወለሉን የሚዳብስ የእጅ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አጥፋው እንጂ!» አለች እትዬ።

«እንዳትነኪው!» አልኩ እኔ፤ በዚህች ቅጽበት ውስጤ የነገረኝን ነገር ጠቢባን ቢሰሙት መንነው ይቀሩ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ሙሉ ፈለጋት። ከዚያ ብሎኗን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ብቅ አለ፤ አሰራት፤ መዘውሩን አሽከረከረ፤ ያ ዝገት የበላው መኪና እንደ ድመት እያንጎራጎረ ሰፋ።

ማክሰኞ ቢሮ ገባሁ። ልማዳችን ማስታወቂያውን ከቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ተመልካቹ ግን በር ላይ ሲያስቆሙት ይሄዳል። እኔ በገዛ ጣቴ ቦታውን ቀይሬ ብሎኗ ስትወድቅ እንዲመጣ አደረግኩት። ብሎኗ ሳትገኝ ወዴት ይኬዳል?

«አብደሃል» አለኝ አለቃችን።

«እብደት የሚጀምረው እኔ ካቆምኩበት ነው» አልኩት። ጥግ ላይ የምትቀመጠው፣ «ዝምታ» ብለን የምንጠራት ወጣት መሐንዲስ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በአድናቆት ነው።

አርብ ረፋድ ላይ ቪዲዮው ተለቀቀ። ግድግዳችን ላይ ጥቁር የዓለም ካርታ አለ፤ አንድ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት አንዲት ነጥብ ትበራለች። መጀመሪያ ሦስት ነጥብ በራ። ሦስቱም እኔ ነበርኩ፣ በሦስት ስልክ። ከዚያ አራተኛ። ከዚያ ሃያ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ባሕር ዳርቻው ሁሉ ተቀጣጠለ። ተራራው ሸንተረሩ፣ ስሙን የማላውቀው ደሴት፣ ማንም አይኖርበትም የተባለው በረዶ ሳይቀር ነጥብ በነጥብ ሆነ። ወንበሮች ወደ ኋላ ተገፉ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። ሰማይ ተገልብጦ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈ ነበር የሚመስለው። እያንዳንዷ ብርሃን አንድ ትንፋሹን የያዘ ሰው ናት እያልኩ ሳስብ፣ እኔ እንኳ፣ እኔ ሳልቀር፣ አፌ ተዘጋ። ለአራት ሴኮንድ ያህል።

እትዬን ደውዬ አስመጣኋት። የምታስረክበውን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ይሄ ሁሉ ሰው ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰው ነው እንጂ!»

«የኔን ባል እያየ?»

ጠጋ ብላ አንዷን ነጥብ በጣቷ ጫፍ ነካች፤ የሕፃን ጉንጭ እንደሚነኩት። እስከ ቀትር ሦስት ሚሊዮን ደረሱ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ተጫራቾቹ እርስ በርስ ሊበላሉ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች፤ መጽሔቱም እነሆ እስከ ዛሬ ይወጣል። በማን ብልሃት እንደሆነ እኔ አልናገርም፤ ትሁት ሰው ነኝ።

ምስክር ትሁነኝ ብዬ ይህን ሁሉ ለዝምታ አነበብኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፤ «መብራቶቹ እኮ ሰዎች አልነበሩም። ብዙ ተመልካች ቢመጣ ሲስተሙ ይችለው እንደሆነ ለመፈተሽ እኔ የለቀቅኳቸው የውሸት ተመልካቾች ናቸው። ልነግርዎት ተነስቼ መጥቼ ነበር፤ እየጨፈሩ ስለነበር ተመለስኩ።»

«ማስታወቂያውስ?»

«ከመጀመሪያው ንቅንቅ አላለም። ቦታውን ቀይረው ‹አስቀምጥ› የሚለውን ሳይጫኑ ነው የወጡት።»

«እትዬ ግን በዓይኗ አይታ...»

«እሳቸውን ተከትዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ነገርኳቸው። ‹እውነተኛው ስንት ነው?› አሉኝ። የእርስዎን ስልኮች ሳልቆጥር አርባ አንድ አልኳቸው። ‹ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ስንቱ ጥሎ ሄደ?› አሉኝ። አንድም አልሄደም አልኳቸው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ‹አርባ አንድ ሰው፣ ምንም በሌለበት፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀው?› እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና፣ ‹ለወንድሜ እንዳትነግሪው፣ ደስታውን አይተሽዋል› ብለውኝ ካርቶኖቻቸውን ሊፈቱ ሄዱ።»