ሁሉም «ደህና ነን» ያሉበት ጥናት

ሬዲዮኑን የከፈትኩት ለዘፈን ነበር። የጸጉር ቤት ደንበኛ ዝምታ አይወድም፤ እኔም አልወድም። ዘፈኑ አለቀና ዜና ገባ። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ ቀርበው «በተካሄደው ጥናት መሠረት በሲሚንቶ ፋብሪካው ዙሪያ ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል የአተነፋፈስ ችግር ያለበት አንድም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ፋብሪካው ሁለተኛ ምድጃ እንዳይተክል የሚያግደው ነገር የለም» አሉ።

«አንድም ሰው?» አልኩ ማበጠሪያውን እንደያዝኩ። «እናቴስ? እናቴ ከሰው አትቆጠርም?»

ቤታችን ከፋብሪካው አጥር ማዶ ነው። ጠዋት የወለወልኩት መስኮት ለምሳ ስመለስ በጣት ይጻፍበታል። እናቴ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትመጣ መሃል ላይ ግድግዳ ትደገፋለች። ሳሉ ሲመጣባት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና መሐረቧን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሲለቃት «አቧራ ገባብኝ» ትላለች። ምን ሆንሽ ስላት መልሷ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። አንድ ጊዜ ጎትቼ ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ከዚህ በላይ አቧራ ከገባባት ለሳንባዋ ዋስ አልሆንም» አለኝ። ሌላ ቤት የለንም፤ የምንሄድበት ዘመድም የለንም። አንዱ ምድጃ እንዲህ ካደረጋት ሁለተኛው እንደሚቀብራት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ደሜ ፈላ። ሽርጤን ፈትቼ ቢሮ ድረስ ሄጄ ልሳደብ ስነሳ፣ ካስክ ስር ጸጉሯን የምታደርቀው ደንበኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት።

«ብትሳደቢ የምታተርፊው በዘበኛ መባረር ብቻ ነው» አለችኝ። «ጥናቱን አሳዩኝ በያቸው። የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ። መንግሥት ቤት የተቀመጠ ወረቀት የማየት መብት አለሽ። ለምን ፈለግሽው ብለው መጠየቅ እንኳ አይችሉም።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ካስክ ስር» አለች።

በማግስቱ ጥያቄዬን በጽሑፍ ይዤ ሄድኩ። የመረጃ ክፍል የሚባለው ከደረጃ ስር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሿን የተሰበሩ ወንበሮች ይዘዋታል። ወፍራም መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ተቀምጧል። ወረቀቴን አንብቦ ቀና አለ።

«ለምን ፈለጉት?»

«ሕጉ ይህ አይጠየቅም ይላል።»

«ሕግ ተምረዋል?»

«ጸጉር ነው የተማርኩት።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማህተም መታልኝ።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። ፖስታውን ስከፍተው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያንኑ በሬዲዮ የተነገረውን መግለጫ፣ በወረቀት ታትሞ፣ ማህተም ተደርጎበት! ያሉትን ለማጣራት ብጠይቅ ያሉትን ደግመው ላኩልኝ። እንደገና ጻፍኩ። «የጠየቅኩት መግለጫውን አይደለም። ማን፣ ማንን፣ ምን ብሎ ጠየቀ? ምንስ ተመለሰለት? እሱን ስጡኝ።» የሁለተኛው መልስ «ጥናቱ የሚገኘው ጤና ቢሮ ነው» የሚል ነበር። ጤና ቢሮ ሄድኩ። እነሱ ደግሞ «ያካሄደው አካባቢ ጥበቃ ነው፤ እኛ የሰማነው ከሬዲዮ ነው» አሉኝ። ኧረ በሕግ!

እናቴ ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

«ተዪው ልጄ። ከመንግሥት ጋር ተካሰሽ የት ልትደርሺ? ሆድ ይፍጀው።»

«የእኔ ሆድ ይህን አይፈጀውም፣ እማዬ።»

አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት አቤት አልኩ። እዚያም ቢሆን ወንበር ያሞቅኩበት ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ በመጨረሻ ግን «የጠየቀችውን ስጧት» ብለው ለቢሮው ጻፉለት። የደወለልኝ ያው ባለመነጽሩ ነው። ስደርስ ከተሰበሩት ወንበሮች መካከል ደህናውን መርጦ አስቀምጦልኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ክምር ወረቀት አለ።

«መጋዘን ወርጄ ራሴ ነኝ ያወጣሁት» አለኝ። «ከገባ ጀምሮ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

በየቤቱ ዞረው የሞሉት መጠይቅ ነው። ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዟል፤ የቤት ቁጥሩ ግን አለ። «በቤቱ ውስጥ የአተነፋፈስ ችግር ያለበት ሰው አለ?» ከሚለው ጎን በሁሉም ላይ «የለም» ተብሏል። ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ቦታ አለ። ጠያቂው ልጅ ታማኝ ነው መሰለኝ፣ የተባለውን አንድ ሳያስቀር ጽፎታል። «ደህና ነን ብለዋል።» «ተመስገን ብለዋል።» «በጣም ደህና ነን፣ ግባ እንጂ ብለዋል።» አንዱ ላይማ «ደህና ነን፣ አንተስ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ብለዋል» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ባለመነጽሩም መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።

ቀጣዩን ስገልጥ የኛን ቤት ቁጥር አየሁ። ሳቄ ቀጥ አለ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ቁጭ በል ብለዋል። ውሃ ሰጥተውኛል።»

ቤት ስደርስ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

«እማዬ፣ ከቢሮ የመጣ ሰው ነበር?»

«አዎ፣ አንድ ጨዋ ልጅ። እንዴት ናችሁ፣ ጤና እንዴት ነው፣ ሁሉ ደህና? አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? ደህና ነን፣ ተመስገን ነዋ! በር ላይ ለቆመ እንግዳ ሕመሜን ልዘርዝርለት?»

«ጽፎታል እኮ!»

«ሰላምታ ይጻፋል እንዴ?» አለች። ከልቧ ነው የገረማት።

ጎረቤቱን ዞርኩ። የሁሉም ነገር አንድ ነው። ሲስል ግድግዳችንን የሚያነቃንቀው ጫማ ሠሪ ጎረቤታችን «ከሰላምታው ቀጥሎ ወደ ጥያቄው ይገባል ብዬ ስጠብቅ አመስግኖኝ ሄደ» አለኝ።

ስለ ሁለተኛው ምድጃ የሚወስን ኮሚቴ ተሰይሞ የሕዝብ አቤቱታ የሚሰማበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ባለመነጽሩ ሥራው ባይሆንም አስቦልኝ መከረኝ።

«ወረቀቱ ብቻውን አይበቃሽም። መልሱን ከሰጡት አንዱ ቀርቦ ይናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። «ሰው ፊት ቆሜ ሕመሜን ላወራ? ሞቼ ነው!»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ! ልትሞቺብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሷ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን ለባብሳ፣ መሐረቧን አጥፋ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። በየደረጃው ማረፊያ እየቆምን ወጣን። መጀመሪያ የፋብሪካው ጠበቃ ተናገረ፤ ጥናቱ ግልጽ ነው አለ። ቀጥሎ እኔ መጠይቆቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ አነበብኩ፤ ሰዉ ሳቀ። የቢሮው ባለሙያ ግን አልሳቀም።

«ነዋሪዎቹ ተጠይቀዋል፣ መልሰዋል» አለ። «የዋሹ ካሉ ጥፋቱ የማን ነው?»

ልነሳበት ስል እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ሰብሳቢዋ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። እናቴ ድምጽ ማጉያው ፊት ስትቀመጥ ፈገግ ብለው «እማማ፣ እንደምን ነዎት?» አሏት።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው ወንበሩን ተደግፎ እጁን አጣጠፈ። እኔ ራሴን ያዝኩ፤ አለቀልን ብያለሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ እስክሪብቶውን ሲያስጠጋ እናቴ እጇን አነሳች።

«ቆይ ልጄ፣ እሱን አትጻፈው። እሱ ሰላምታቸውን መመለሴ ነው። አሁን ጥያቄውን ይጠይቁኝ።»

ሰብሳቢዋ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «እሺ። ማታ ሲተኙ ትንፋሽዎ እንዴት ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝና መልሳ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች።

«ልጄ ባትሰማው ይሻል ነበር» አለች።

«ትውጣልዎት?»

«አይ፣ ትቀመጥ። ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው? እኔ ጋደም ማለት ከተውኩ ቆየሁ። ጋደም ካልኩ ያፍነኛል። ወንበር ላይ ነው የማድረው፣ ትራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ። ሊነጋ ሲል እሷ ሳትነሳ አልጋውን አዘበራርቀዋለሁ። ስትገባ ሳነጥፍ ታገኘኛለች።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ ቃለ ጉባኤ ያዡን «ይጻፍ» አሉት፤ ድምጻቸው ተለውጧል። እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በየጠዋቱ እገባለሁ፣ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፣ አንሶላውን እየወጠረች ደህና ትለኛለች፣ እኔም ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት እንዲህ ነው።

በኋላ ውሳኔው ወጣ። ጥናቱ ውድቅ ሆኗል፤ ሐኪም ያለበት ምርመራ በየቤቱ ተካሂዶ እስኪያልቅ ምድጃው አይተከልም። ደንበኞቼ እንኳን ደስ አለሽ እያሉ አቀፉኝ። አቤቱታው የተሰማ ቀን ግን፣ እናቴን ደግፌ ከአዳራሹ ስወጣ፣ ውሳኔም ምድጃም አልታየኝም። እንዴት እንዲህ ያለውን ትደብቂኛለሽ ብዬ ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ቁጣው እንቢ አለኝ፤ ደረጃው ላይ፣ ሰው በሚወጣበትና በሚወርድበት፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ይኸው» አለችኝ፣ በመሐረቧ ፊቴን እየጠረገች። «እንዲህ እንዳትሆኚ ብዬ ነበር።»

ትንፋሿ እስኪመለስ እዚያው ቁጭ አልን።