የተቆረጠው ፎቶ

…ኢንተርኔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ይነሳ ብላ አራት ጊዜ አመልክታለች፣ ይኼ እውነት ነው፣ አራቱንም ጊዜ የማኅበራዊ ሚዲያው ኩባንያ ደንባችንን የጣሰ ጽሑፍ አላገኘንም ብሎ መልሶላታል፣ ይኼም እውነት ነው፣ ታዲያ ኢብቲሳም ከመርሳ ወልድያ ድረስ መጥታ ጠበቃው ፊት የተቀመጠችው እውነቱን ልትናገር አይደል፣ ምን ያልባታል። ገነት አጠገቧ ናት። ጥቁር ነጠላ። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሲሪንቃ ላይ፣ ውሃ ጠጪ ብላ የራሷን ሃይላንድ ሰጠቻት፣ ለእኔ፣ ለእኔ ውሃ፣ አስተግፊሩላህ።

ጠበቃው ልዑል ይጽፋል። ጽሑፉ ምን ይል ነበር? ይላል። ባንዳው መካኒክ ዘውዱ ይል ነበር፣ መርሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የታጣቂዎቹን መኪና ደስ ብሎት ሲጠግን፣ ከነፎቶው። የሰው ቤት እየተጠቆመ ደንብ አልተጣሰም! ጎረምሶች ዘውዱን ከጋራዡ ጎትተው ከገደሉት በኋላ፣ ገነት ባሏን ከቀበረች በኋላ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ጽሑፉን አነሱት፣ ደንቡ ያኔ ትዝ አላቸው። ይከሰሱ፣ ይጠየቁ እንጂ፣ የትም ይሁኑ የት። ይኼን ስታስብ ትንሽ ቀለል ይላታል፣ ቀለል ማለቱ ደግሞ ያስጠላታል።

እሷ ናት ያመለከተችልኝ፣ ትላለች ገነት፣ እኔ መች ስልክ አውቃለሁ፣ እህቴ ናት፣ ውለታዋን ፈጣሪ ይክፈላት።

ዝም በይ፣ በናትሽ ዝም በይ፣ ትላለች ኢብቲሳም በልቧ።

ፎቶውን ማን አነሳው? ይላል ልዑል።

አይታወቅም፣ ትላለች ገነት።

ይታወቃል። ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ ሳሉ፣ ኔትወርክ ጥፍት ብሎ ሳለ፣ ኢብቲሳም ናት በመስኮት ያነሳችው፣ ታጣቂዎቹ ወጥተው ኔትወርክ የመጣ ቀን ጅዳ ላለችው እህቷ ለናጅዋ ልትልክላት፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ፣ ዘውዱም አለ ልትላት፣ ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርማ፣ ናጅዋ ደግሞ ድንጉጥ ናት፣ እና ከመላኳ በፊት ከዘውዱ ጀርባ ጠመንጃ ደግኖ የቆመውን ሰውዬ ቆረጠችው። በጣቷ። ቀሩ ዘውዱና መኪናው። ናጅዋ በደስታ ለወዳጅ ዘመድ በተነችው፣ ከዚያ ማን እጅ እንደገባ አላህ ይወቀው። ያልተቆረጠው ግን አለ፣ ከነጠመንጃው፣ ስልኳ ላይ፣ ጽሑፉ የወጣ ጊዜ ብትለጥፈው፣ አንቺስ ማነሽ ቢሏትስ፣ ልጆች አሏት፣ ምክንያት መች ይጠፋል።

የፎቶው ጠርዝ ላይ የሰው ክንድ ይታያል፣ እያለ ነው ልዑል፣ ተቆርጦ ይሆናል፣ ዋናው ቢገኝ ጽሑፉ ውሸት መሆኑን ያሳይልን ነበር።

ኩባንያው ጥፋተኛ ነው። ነው። እኔስ? ስልኳን ታወጣለች፣ ትከፍተዋለች፣ የምትሰጠው ለጠበቃው አይደለም፣ ለገነት ነው፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።

ገነት ስልኩን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፣ የባሏን ጎንበስ ያለ ጀርባ ታያለች፣ ጠመንጃውን ታያለች፣ ተገዶ ነው ብዬ ጋራዡ በር ላይ ጎረምሶቹን ስለምናቸው፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ማስረጃ አምጪ አሉኝ፣ ኢብቲ፣ ማስረጃ አምጪ ሲሉኝ እኮ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር።

ነበርኩ።